ሰባት የሰጠሁበት መመሪያ

ሰኞ፣ የወሩ መባቻ

ብዕሩን የያዘችው ልጄ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ይህን አስቀድሜ አስጽፌዋለሁ፣ ኋላ አንዱ ተነሥቶ «ሽማግሌው ፊደል ቆጥሮ ነበር እንዴ?» እንዳይል። አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ድንጋይ ያለ ቁጥር አይቆምም። ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ ኖሬ ብዙ ሰው ጀርባውን ደገፍ አድርጎ የሚያርፍበትን ግድግዳ ትቻለሁ። ደግሞስ ፊደሉን ባውቀው በየትኛው ጣቴ ልጽፈው? ጣቶቼ ነፋስ እንዳጋደመው ሣር ወደ አንድ ጎን ተኝተዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆስፒታሉ ለመገጣጠሚያ በሽታ የሕክምና መመሪያ አዘጋጅቷል። እኛ ቁርጥማት የምንለውን እነሱ የመገጣጠሚያ ብግነት ይሉታል። መመሪያ ማለት በየጤና ጣቢያው ያለ ሐኪም «እንዲህ ያለ በሽተኛ ሲመጣ መጀመሪያ ይህን አድርግ፣ ቀጥሎ ያንን» እየተባለ የሚመራበት ጽሑፍ ነው። ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ጥራቱ በገምጋሚዎች ይመዘናል። ከገምጋሚዎቹ አንዱ በሽታውን የሚያውቅ በሽተኛ ይሁን ተብሎ፣ ዶክተሬ የእኔን ስም ሰጠ። ስንት የተማረ በሽተኛ ሞልቶ እኔን! ሰብሳቢው በስልክ «አባታችን፣ ያሰቡትን ሁሉ በማስታወሻ ያስይዙ፤ ለምን ያን ያህል ሰጡ ተብለው ሊጠየቁ ይችላሉ» አለኝ። ይኸው ማስያዝ ጀመርኩ።

ልጄ ጸጉር ሠሪ ናት። የምንኖረው አብረን ነው። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ነው፣ ቤት ሲመጣ ደግሞ እንቅልፍ ላይ። «አባዬ፣ ይህንንም ልጻፈው?» አለችኝ። ጻፊው። እውነት አይፈራም።

ረቡዕ

የመጀመሪያው ስብሰባ። ረጅም ጠረጴዛ፣ ጎማ ያላቸው ወንበሮች። ልቀመጥ ስል ወንበሩ ሸሸኝ፤ አንዲት ነርስ ባትይዘው ኖሮ የበሽተኞች ተወካይ ወለል ላይ ነበር የሚወከለው።

አራት ነን። ሰብሳቢው፣ ነርሷ፣ አንድ የመድኃኒት ባለሙያና እኔ። ሰብሳቢው ወረቀቱን ሁሉ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር እኩል ካላደረገ ቃል አይወጣውም። በልቤ ውሃ ልክ ብዬዋለሁ።

«አባታችን፣ እዚህ የምንመዝነው በሽታውን አይደለም፣ ሐኪሙንም አይደለም። ወረቀቱን ብቻ ነው» አለኝ።

«ወረቀቱን ማን ጻፈው?»

«የእርስዎ ዶክተር።»

«ታዲያ ሰውየውን ትቼ የእጁን ልመዝን ነዋ?»

ሳቁ። እኔ ግን የጠየቅኩት የምሬን ነበር።

የሚጠየቀው ብዙ ነው። መመሪያው ለማን እንደተጻፈ። በሽተኞች ሐሳባቸውን ተጠይቀው እንደሆነ። እያንዳንዱ ምክር በምን ጥናት ላይ እንደቆመ። ቋንቋው ግልጽ፣ ሥራውም ለጤና ጣቢያ የሚቻል እንደሆነ። የጻፉት ሰዎች ከማንም ጥቅም ነጻ እንደሆኑ። ለእያንዳንዱ ከአንድ እስከ ሰባት ይሰጣል። አንድ ማለት ባዶ፣ ሰባት ማለት እንከን የሌለው። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይሰጣል፤ ከሌላው ገምጋሚ ጋር መመካከር የለም። ለእኔ ልጄ እንድታነብልኝ ተፈቅዷል።

ስወጣ ዶክተሬ በር ላይ ጠበቀኝ። ጸሐፊው እሱ ስለሆነ አይመዝንም። «አባባ፣ አደራ» አለኝ። ምን አደራ እንደሆነ አልተናገረም። እኔም አልጠየቅኩም፤ አደራ ከተባለ አደራ ነው። ጣቶቼ ተጨብጠው አልዘረጋ ባሉ ጊዜ፣ ሐኪሙ ሁሉ «እርጅና ነው፣ ቻለው» እያለ ሲሸኘኝ፣ እጄን ይዞ «ይህ እርጅና አይደለም» ያለኝ እሱ ብቻ ነው። በሳምንት አንዴ የሚዋጠውን ኪኒን ሰጠኝ። የሸሚዜን ቁልፍ ራሴ የምቆልፈው በእሱ ነው።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ መመሪያው ተነበበልኝ። ልጄ ከሥራ መጥታ ራቷን ሳትበላ ተቀመጠች። ወረቀቱ ወፍራም ነው። መብራቱን ወደ እሷ አስጠጋሁት።

አንድ ቦታ ላይ ቆመች። እንዲህ ይላል፤ መገጣጠሚያው ያበጠ ሰው ሲመጣ ደሙ ይመርመር፤ የደም ምርመራው በሽታውን ካላሳየ ማስታገሻ እየወሰደ ይቆይ፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ ይታይ። ያንኑ ደግማ አነበበችው። አንዴ ይበቃኝ ነበር።

«አባዬ፣ እጁ እያበጠ ደሙ ንጹሕ የሚሆን ሰው የለም?»

«ደም ይዋሻል እንዴ?»

«እንጃ። እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣስ ብዬ ነው።»

«ዶክተሩ ያላወቀውን አንቺ ልታውቂ? ሰባት በይ።»

«ሌላው ምክር ሥር ከየትኛው ጥናት እንዳመጡት ጽፈዋል። እዚህ ጋ ባዶ ነው።»

«ሰባት።»

«በሽተኞች ተጠይቀዋል ወይ ይላል።»

«እኔ አልተጠየቅኩም፤ ሌላ ሰው ጠይቀው ይሆናል። ሰባት።»

እስከ መጨረሻው ሰባት፣ ሰባት እያልኩ ሄድኩ። እኔ ሰው ቤት ገብቼ የቀረበልኝን የማጣጥል ሰው አይደለሁም። ለባለውለታ ስድስት መስጠት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ቀና ሲሉ መሳደብ ነው። ደግሞ ነገ ሲያገኘኝ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?

ብዕሩን በጡጫዋ ነው የያዘችው፣ ሕፃን ማንኪያ እንደሚይዝ። «ምነው ቀጥ አድርገሽ አትይዢውም?» ብላት «ደክሞኝ ነው» አለች። ቀኑን ሙሉ ጸጉር ስታጥብ ትውላለች፤ ይደክማታል። ሰባቶቿ ጠማማ ናቸው። ቢሆንም ሰባት ሰባት ነው።

ቅዳሜ

ጸጉር ቤቱ ደጃፍ ተቀምጬ ስጠብቃት ሁለት ሴቶች ወጡ። አንዷ «ዛሬስ እጇ ከበደኝ፣ ጸጉሬን ነቀለችው» አለች። ሌላዋ «ድሮ እኮ እጇ ጥጥ ነበር፤ ምን ነክቷት ይሆን» አለች።

ስለ ሌላዋ ሠራተኛ ነው የሚያወሩት። እዚያ ቤት ሁለት ሠራተኞች አሉ።

ልጄ እዚህ ላይ ብዕሩን አቆመች። ጻፊ አልኳት፤ ጻፈች።

ማክሰኞ

አለፈ! መመሪያው አለፈ።

ውሃ ልክ ውጤቱን ደምሮ ነገረን። ለማለፍ ከሚያስፈልገው በጥፍር ያህል ነው የበለጠው። «የበሽተኛው ተወካይ ሰባቶች አነሡት» አለ። ወደ እኔ ዞረው አዩኝ። እኔም አንገቴን አልደፋሁም። የመጨረሻው ስብሰባና የዋናው ኃላፊ ፊርማ ቀርቷል፤ እስከዚያ ግን ጤና ጣቢያዎች ለሙከራ እንዲሠሩበት ተልኳል።

ዶክተሬ ኮሪደር ላይ በሁለት እጁ ጨበጠኝ፣ ግን ቀስ ብሎ፤ እንዴት እንደሚያመኝ ያውቃል። «አባባ፣ አኮራኸኝ» አለ።

ነርሷ ደረጃው ጋ ደረሰችብኝ። ወፍራም ናት፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አባባ፣ አንብበውታል?»

«ተነቦልኛል።»

«እኔ ለጥናቱ ጥያቄ ሁለት ነው የሰጠሁት። ያ የደም ምርመራው አንቀጽ ከምን እንደመጣ አልተጻፈም። ደማቸው የማያሳይ በሽተኞች አሉ። ክፍሌ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ስድስት ወር ለዚህ በሽታ ብዙ ነው፤ አጥንት የሚበላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው።»

«አንቺ ከዶክተሩ ትበልጫለሽ?»

«አልበልጥም። እጅ ግን አጥባለሁ፣ እጅ አሻለሁ» ብላ ሄደች።

ይህን የነገርኩት ልጄ እንድትስቅ ነበር። አልሳቀችም። ዝም አይነቅዝም ብላ ነው መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ማታውን ሙሉ አላወራችኝም።

ረቡዕ

ቸኩያለሁ። እሷም ቸኩላለች።

ጠዋት በጨለማ ውሃ ስታሞቅ ሰማኋት። ሳፋ ውስጥ እጇን ነክራ ተቀምጣለች። እንዲያ የማደርገው እኔ ነበርኩ፣ ድሮ፣ ጣቶቼ እስኪፈቱልኝ። «በርዶኝ ነው» አለች። ብርድ ነው። ዝናቡ እኮ አላባራም።

የጠርሙሱን ክዳን ለጎረቤት ሰጥታ አስከፈተች። ክዳኑ ጠብቆ ነው።

ዓርብ

ልጄ ሳትነግረኝ ጤና ጣቢያ ሄዳለች። የመጣችው ማስታገሻ በላስቲክ ይዛ ነው።

«ምን አሉሽ?»

«ደምሽ ንጹሕ ነው አሉኝ።»

«ተመስገን! ታዲያ ምን ፊትሽን ታጠቁሪያለሽ? ደምሽ ንጹሕ ከሆነ ምን ቀረሽ?»

«ስድስት ወር ቆይተሽ ነይ አሉኝ፣ አባዬ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሐኪሙ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ገልጦ አሳየኝ። መመሪያው ነው የሚለው።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኩም። ደስ ብሎኛል ብለሽ ጻፊ አልኳት። ደሟ ንጹሕ በመሆኑ አባቷ ደስ ብሎታል። ይህን ጽፋ ብዕሩን አስቀመጠች። ሌላም ልጨምር ነበር። «ነገ» አለችኝ።

እሑድ

ከዛሬ ጀምሮ ብዕሩን የያዘው አማቼ ነው። የልጄ እጅ ስላልያዘላት ነው። እሱ ሲጽፍ ወረቀቱ ይንጫጫል፤ በፍሬን ነው የሚጽፈው። ይህንንም ጻፍ። ጻፈው።

ትናንት መቀስ ከእጇ ወድቆ የሰው እግር ሊያቆስል ነበር። የጸጉር ቤቱ ባለቤት «እስኪሻልሽ እረፊ» ብላታለች። የጸጉር ሠሪ እረፍት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ወንበሩን ሌላ ትይዘዋለች።

አማቼ በጠዋት ከመንገድ ገብቶ ነው ይህን ሁሉ የሰማው። እጇን ገልጦ ሲያይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ሁለትም ጠይቅ።»

«ያን ወረቀት እርስዎ ነዎት ያሳለፉት?»

«አራት ነን። ማን ነገረህ?»

«እሷው። እርስዎን ከስሳ አይደለም፤ ተኝታ እያቃሰተች ስጠይቃት ነው።»

«እኔ ምን በወጣኝ! ጤና ጣቢያው ነው የመለሳት። እነዚህ ሐኪሞች ሁሉ አንድ ናቸው፣ የሰው ሕመም አይገባቸውም፣ ወረቀት ላይ አፍጥጠው...»

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለኝ፣ አማቼ፣ በገዛ ቤቴ።

ልመታው ነበር። በምን እጄ። አሁን ይህን ስናገር ቀና ብሎ አያየኝም። ዝም ብሎ ይጽፋል። ጻፍ።

ሰኞ

ባለፈው ሌሊት አልተኛሁም። አንድ ነገር ነው የሚመላለስብኝ። እሷ በዚያ ማታ ያንን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ያነበበችው ለምን ነበር? ዓይኗ ደክሞ ነው። መስመር ስታ ነው። እንዲህ እያልኩ ነጋ።

ጠዋት እሷ ተኝታ ሳለ እጇ ከብርድ ልብሱ ወጥቶ አየሁት። የጣቶቿ አንጓዎች ተድቦልቡለዋል። እኔ የዚያን እጅ መልክ አውቀዋለሁ። በሰው ላይ አይቼው አላውቅም እንጂ አውቀዋለሁ።

ከእኔ ነው የወረሰችው ያለኝ ሰው የለም። እኔም አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ

ነርሷ ዘንድ ሄድኩ። ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ሰው ተደርድሯል፤ እጁን ብብቱ ሥር የሸጎጠ፣ እግሩን በጨርቅ የጠቀለለ። እንዲያ ያሉትን ድሮም አያቸው ነበር። ዛሬ ግን ስንቶቹን «ስድስት ወር ቆዩ» ብዬ እንደመለስኩ ሳስብ በመካከላቸው ማለፍ ከበደኝ።

«የሰጡትን ሰባት መመለስ ይቻላል?» አልኳት። እንደ ሌላ ሰው ነገር አድርጌ ነው የጠየቅኩት።

«ይቻላል፣ አባባ። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ፣ ምክንያቱን በሁሉም ፊት ተናግሮ። ጸሐፊውም እንዲመልስ ይጠራል።»

«ፊቱ ላይ?»

«ፊቱ ላይ።»

ከዚህ ሁሉ ስድስት ወር ብታገስ ይሻለኝ ነበር። ብታገስ የማልጎዳው እኔ ነኛ። የምትጎዳው እሷ ናት።

«ከእነዚህ ሰባቶች የትኛው ነው ልክ ያልሆነው?» አለችኝ ነርሷ። በረንዳ ላይ ወደተደረደሩት ዞሬ አየሁ። ሻይ አስመጣችልኝ። ስኒውን በሁለት መዳፌ ስይዘው አይታ ጆሮ ባለው ኩባያ አስቀየረችው።

ቤት ስደርስ አማቼ «ምን አሉዎት?» አለኝ። «ምን አገባህ» አልኩት። ይህን እየጻፈ ፈገግ አለ። ስብሰባው ሐሙስ ነው፤ እሱም የዚያን ዕለት ጭነት አልወስድም ብሏል፤ እኔን ለማጀብ አይደለም ይላል፣ ለመኪናው ጎማ ነው ይላል።

ሐሙስ ማታ

ረጅም ነው፤ አማቼ ሆይ፣ እጅህን አሟሙቅ።

የመጨረሻው ስብሰባ ዛሬ ነበር። ዶክተሬ ከጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጧል፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ። ሲያየኝ ፈገግ አለ።

ውሃ ልክ ወረቀቶቹን አስተካክሎ «የሚቀር አስተያየት ከሌለ ለፊርማ እንልከዋለን» አለ።

«አለ። ሰባቴን ልመልስ ነው የመጣሁት።»

«የትኛውን ሰባት፣ አባታችን?»

«በሽተኛ ተጠይቋል ወይ የሚለውን። አልተጠየቀም። ምክሩ በምን ጥናት ቆመ የሚለውንም። የደሙ አንቀጽ ሥር ባዶ ነው፤ ልጄ አሳይታኝ ነበር። ለሁለቱም አንድ ስጡልኝ።»

የመድኃኒት ባለሙያው መነጽሩን አወለቀ። «ያን ጊዜ ታዲያ ለምን ሰባት ሰጡ?»

«ያን ጊዜ ለወረቀቱ አልነበረም የሰጠሁት። ለእሱ ነው» ብዬ ጣቴን ወደ ዶክተሬ ቀሰርኩ። ጣቴ ጠማማ ነውና ነርሷ ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም።

ዶክተሬ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «የሳምንቱ ኪኒን ቀልድ አይደለም። ካልተጠነቀቁለት ጉበት ይጎዳል። በየጤና ጣቢያው ወገቡን ላመመው ሁሉ እንዳይታደል ፈርቼ ነው ያንን አንቀጽ ያስገባሁት። ጥናት አላገኘሁም፤ እውነት ነው። ከልምዴ ነው።»

«ከልምድ ነው ተብሎ ቢጻፍ እኔም ሁለት ባልሰጠሁ» አለች ነርሷ።

«ሰውም ጊዜም አጥሮኝ ነበር። አንድ ሐኪም ለስንት ጤና ጣቢያ...» ብሎ ዶክተሬ ተወው።

እኔም ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። «ዶክተር፣ የእኔን እጅ መጀመሪያ ቀን ይዘህ አይደለም ያወቅከው? ደሜን ያየኸው ኋላ ነው። እንደዚያው ያዙ ብለህ ጻፍላቸው እንጂ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «አባባ፣ ሰው አለ እንዴ?»

«አንዲት ሴት አለች።»

«ማን ናት?»

«ጸጉር ትሠራለች።»

የማን ልጅ ጸጉር እንደምትሠራ ያውቃል። በቀጠሮዬ ሁሉ ይዛኝ የምትመጣው እሷ ናት። ጣቶቹን አጠላልፎ ጠረጴዛው ላይ አሳረፋቸው።

«ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆነ?»

«አላውቅም» አልኩ።

አንድ ቤት እየኖርን፣ ማታ ማታ በእጇ እያስጻፍኩ፣ አላውቅም አልኩ። ሁሉም ሰማኝ።

ድምሩ እንደገና ተሠራ። መመሪያው ወደቀ። እንደገና እንዲጻፍ ተመልሷል፤ ጤና ጣቢያዎቹም ያንን አንቀጽ እንዳይሠሩበት ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤው መቼ እንደሚደርስ ውሃ ልክም አያውቅም።

ዶክተሬ ኮሪደር ላይ አልጨበጠኝም። «ነገ አምጣት» አለኝ ብቻ።

«በረንዳ ላይ የተደረደሩትስ?»

«እነሱን አንቀጹ ሲስተካከል እናያቸዋለን።»

«እነሱ ገምጋሚ አባት የላቸውም።»

እኔም ኩራቴ «እንግዲያው አላመጣትም» ሊል አፌ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። መራራ ነው። «በስንት ሰዓት?» አልኩት።

ዓርብ

ወሰድናት። አማቼ በጭነት መኪናው አደረሰን፤ ደረጃው ከፍ ያለ ነው፣ እኔንም እሷንም እየገፋ ነው ያወጣን። «ሁለት ጆንያ ጫንኩ» አለ። እሷ ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ዶክተሩ ሲገባ እጇን ከጎንና ከጎን አድርጎ ጨበጣት። ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ጮኸች። እንዲያ ነው የሚታወቀው አለ፤ አንጓዎቹን ከዳርና ከዳር ሲጫኗቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። የራጅ ፎቶ አስነሣት። ፎቶውን መስኮቱ ላይ አስደግፎ ሲያይ ትከሻው ወረደ።

«የዚህኛው ጣት አጥንት ዳሩ ተበልቷል። ይህ አይመለስም። የቀሩትን ዛሬ ከጀመርን እንጠብቃቸዋለን።»

የቀኝ እጇ ነው። መቀሱ የሚገባበት ጣት ነው።

«መቼ ጀመረሽ?»

«ከዝናቡ በፊት።»

«ለምን አልተናገርሽም?» አልኩ እኔ፣ ከኋላ፣ ተቆጥቼ። እንዴት አልቆጣም።

ዞራ አየችኝ። «ተናግሬ ነበር፣ አባዬ።»

«መቼ?»

እጇን ወደ ራሷ ሰበሰበች። ዶክተሩም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። አማቼ በሩን እያየ ነበር።

መንገድ ላይ ዝናቡ መስታወቱን ሲመታ ነው የገባኝ። «እንዲህ ያለ ሰው ቢመጣስ» ያለችው ሰው ማን እንደነበር።

ሰኞ

የሳምንቱን ኪኒን ጀመረች። ሆዷን ያቅለሸልሻታል፤ ከጎን ካለው ክፍል ይሰማኛል። ዶክተሩ መጀመሪያ ላይ እንዲያ ነው ብሏል፤ ደሟን በየጊዜው እያስመረመረች ትቀጥላለች። የጸጉር ቤቱን ወንበር ሌላ ይዛዋለች። ወደ ጸጉር መቁረጥ ትመለስ ይሆን ብዬ ስጠይቀው «ማጠብና ማድረቅ ምናልባት» አለኝ። ከእኔ ጋር ያወራል። እንደ ድሮው ግን አይደለም። አሁን «እርስዎ» ይለኛል።

መመሪያውን ከሚጽፉት ጋር ሁለት በሽተኞች ይቀመጣሉ ተብሏል። እኔን አልጠሩኝም። ልክ ናቸው። ነርሷ ግን «ሲያልቅ መጥተው ይስሙት» ብላኛለች፤ በረንዳ ላይ ከተደረደሩትም ሦስቱን ደብዳቤው ሳይደርስ እጃቸውን እንዲያይ ዶክተሩን ጎትታ አምጥታው አየሁ። ዓይኔ እያየ።

ዛሬ እሷ ዘንድ ልገባ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። የመጀመሪያውን በር ላይ ቆሜ «ውሃ ላምጣልሽ?» አልኩ። «አልጠማኝም» አለች። ሁለተኛውን ደግሞ «መስኮቱን ልዝጋው?» አልኩ። «ተዘግቷል፣ አባዬ» አለች። ተመልሼ እዚህ ተቀመጥኩ።

የምለው ይህ ነው፤ አማቼ፣ ሳታሳጥር ጻፈው። እጅሽን አይቼው ነበር። ብዕሩን በጡጫሽ ስትይዢ፣ ውሃ ስታሞቂ፣ ሴቶቹ ስላንቺ ሲያወሩ፣ አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ማንም እንዳያየው እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ። ያንቺ እጅ እንደኔ ከሚሆን የእኔ ዓይን ቢጠፋ መረጥኩ። ያንን ሰባት ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ እያወቅሽ በሚያምሽ እጅ ጻፍሽው፣ አባትሽ ስለሆንኩ። ጣትሽን የበላው በሽታው ብቻ አይደለም።

አማቼ ብዕሩን አቆመ።

«አባቴ፣ ይህን እኮ ለራሷ ሊነግሯት ይችላሉ። አራት እርምጃ አይሆንም።»

«ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ተሸክሜ መሰላል ወጥቻለሁ። ይህንን አልችልም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ማስታወሻውን አንሣና ከላይ ጀምሮ አንብብልኝ። በሹፌር ድምፅህ፣ ጮክ ብለህ። ቆይ፣ መጀመሪያ በሩን ክፈተው።